ያልተለመነ ድንጋይ

እንግዳ ሲመጣብን ጅሬን ነው የምንወስደው። ኮረብታው ላይ ወጥተን የንጉሡን ቤተ መንግሥት እናሳየዋለን፣ ከእንጨት ሰገነቱ ሥር ፎቶ እናነሣዋለን፣ ከተማችንን ከላይ ቁልቁል ያያል፣ ከዚያ ወርደን ምሳ እንጋብዘዋለን። ከሰቃ ወዲያ በቡና ጫካ ውስጥ ስላለው የገዳም ፍርስራሽ ለእንግዳ የሚናገር የጅማ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ያገሬው ሰው «የመነኮሳቱ ቅጥር» ይለዋል። በማን ዘመን እንደ ተሠራ፣ በማን ዘመን እንደ ፈረሰ የሚያውቅ የለም፤ ከጅሬን ነገሥታት ብዙ ይቀድማል ይላሉ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። እኔም በአርባ አምስት ዓመት ዕድሜዬ በእግሬ የሄድኩበት አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ከአባቴ ጋር ተኳርፌ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ነው የሄድኩት።

አሁን ሳስበው ያ ቀን የእውን ይሁን የሕልም ለመለየት የምቸገርበት ጊዜ አለ። ጭጋግ ነበር፤ ቡናው አብቦ ነበር፤ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው። ሳምንት ሙሉ ትከሻዬ ላይ የቆየው ሰምበር ባይኖር ኖሮ ሄጃለሁ ብዬ አልምልም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሴራሚክ ነው።

ሂርማታ ያለውን ቤታችንን አባዬ በገዛ እጁ ነው የሠራው። ከጎጃም መጥቶ ጅማ የከተመ ግንበኛ ነበር፤ ስንት መሠረት እንደ ጣለ፣ ስንት አጥር እንዳቆመ ራሱም አያስታውሰውም። ቤቱ አርጅቷል። የወለሉ ሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል፣ የአባዬም ዓይን ደክሟል፣ አንድ ቀን ስንጥቁ ጠልፎ ይጥለዋል ብዬ ሰጋሁ። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏት ነበርና ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን። እኔ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ዝም ሳሰኝ ስለምውል ቤት ስገባ የምለፈልፍበት ነገር አላጣም። ሴራሚክ እናንጥፍ አልኩት። «እንደ ፈለግሽ» አለኝ። አባዬ እንደ ፈለግሽ ካለ አልፈልግም ማለቱ ነው። አውቃለሁ፤ ግን እንዳልገባው ሰው ዝም ብዬ ሠራተኛ ጠራሁ።

ሠራተኛው ሳሎኑን ጨርሶ በሩ ጋ ሲደርስ ደፉ ካልተነሣ ወለሉ አይስተካከልም አለ። የበራችን ደፍ መሐል ላይ አንድ ጥርብ ድንጋይ አለ። አመድማ ነው፤ አንድ ክንድ ይሆናል፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሏል። እማዬ አመሻሽ ላይ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር፤ በበሩ የሚያልፈውን ሁሉ እያስቆመች ታወራው ነበር። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ደግሞ ጎንበስ ትልና ድንጋዩን በጣቷ ነክታ ጣቷን ትስማለች። ልጅ ሳለሁ ሁሉም እናት የቤቷን ደፍ የምትሳለም ይመስለኝ ነበር። ድንጋዩ ተነሥቶ እዚያው ቦታው እንደሚመለስ ሠራተኛውን ሦስት ጊዜ አስምዬ ነው የፈቀድኩለት።

በዲጂኖ ፈልቅቆ ሲገለብጠው መሬት በሚነካው ፊቱ ላይ መስቀል ወጣ። ተቀርጾ የተሠራ ነው፤ ዳር ዳሩ ተጠላልፎ የተገመደ፣ ቦዩን አፈር የሞላው። ሠራተኛው ሙስሊም ነው፤ ዲጂኖውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀምጦ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አባዬ ግድግዳውን እየዳበሰ ከጓዳ መጣ። ምን እንዳገኘን ማንም ሳይነግረው ተንበረከከና ጣቱን በመስቀሉ ቦይ ላይ አስኬደው። «አገኛችሁት» አለ። ከዚያ ሠራተኛው ባፈሰሰው አሸዋ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ።

እማዬን ከጎጃም አግብቶ ሲያመጣት አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጅማን አልወደደችውም። ዝናቡ አያባራም አለች፤ የሰዉ ቋንቋ አይገባኝም አለች። ከሁሉ ይልቅ ግን ያደገችው በገዳም አጥር ሥር ነበርና ደወል በሩቁ ብቻ የሚሰማበት ቤት ቤት አልመስልሽ አላት። ገና መሠረቱ እየወጣ ባለው ቤት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። አባዬ በዚያው ሰሞን ሰቃ በኩል የቡና መጋዘን ይገነባ ነበርና ስለ መነኮሳቱ ቅጥር ሰማ፤ ከገዳም አንድ ድንጋይ ባመጣላትስ ብሎ አሰበ።

ያ ቦታ ግን ደንብ አለው። ቅጥሩን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚጠብቅ አንድ የሙስሊም ቤተሰብ አለ። ከቅጥሩ ውስጥ ድንጋይም ቢሆን፣ ማገዶም ቢሆን፣ አንዲት ፍሬ ቡናም ብትሆን የሚፈልግ ሰው ጠባቂዎቹ ደጅ ይሄድና አፉን ከፍቶ ይጠይቃል። ለምን እንደሚፈልገውም ይናገራል። ተጠይቀው ከልክለው አያውቁም ይባላል። ከልካይ የለም ብሎ ሳይጠይቅ የሚወስድም የለም።

አባዬ አልጠየቀም።

አባቴን የማያውቅ ሰው ይህ አይገባውም። አባዬ አይጠይቅም። መንገድ ቢጠፋው ሲዞር ይውላል እንጂ ሰው አያስቆምም። ወጡ ጨው ባይኖረው ጨው አምጡልኝ አይልም። አንዴ ታሞ ተኝቶ ውሃ ሲጠማው «ዛሬስ ሙቀቱ ከረረ» ሲል ሰምቼ ነው የቀዳሁለት። ድንጋዩን ስጡኝ ማለት ብቻ ቢሆን ምናልባት ጥርሱን ነክሶ ይለው ነበር። ያቃተው ለምን እንደሚፈልገው መናገሩ ነው። «የማላውቀው ሰው ደጅ ቆሜ ሚስቴ ታለቅስብኛለች ልበል?» አለኝ፤ ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላም ሲያወራው ፊቱ እየቀላ። አንድ ቀን ማለዳ አህያ ይዞ ሄደና ከፈረሰው በር ሥር ይህን ድንጋይ መረጠ፤ ማንም ሳያየው ጭኖ መጣ። መስቀሉ እንዳይረገጥ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ደፉ ላይ ገነባው። ለእማዬ ግን «ከገዳም ነው፤ ለምኜልሽ ነው ያመጣሁት» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማልቀሷን ተወች።

ይህን ይዞ ኖረ። እንቅልፍ የነሣው ግን የመጨረሻው ነገር ነው። እማዬ ልታርፍ ሳምንት ሲቀራት፣ እኔ ሥራ በሄድኩበት፣ እጁን ይዛ «ያን ድንጋይ ስትለምን ለምን ነው አልካቸው?» ብላ ጠየቀችው። እንደገና ዋሻት። ለቤቴ በረከት ብዬ ነው አላት። እሷም ፊቱን እያየች እጁን ጨበጥ አደረገችው።

«መመለስ አለበት» አለኝ አባዬ፣ አሸዋው ላይ እንደ ተቀመጠ።

ተናደድኩ። አርባ አራት ዓመት ጎንበስ እያለች የተሳለመችው ድንጋይ የተሰረቀ ነው፤ እሷ ግን አፏን ሞልታ ለጎረቤት ሁሉ «ባሌ ለምኖልኝ ነው» ስትል የኖረች ሴት ናት። በዚህ ላይ ደግሞ መልሼ ልውሰድ ይለኛል። እማዬ ልብሷ ለዘመድ ተከፋፍሏል፣ አልጋዋ ተነሥቷል፤ ተቀምጣ የኖረችበት ምልክት የቀረው ያቺ ጉድጓድ ድንጋዩ ላይ ናት። ሌብነቱ ያንተ ነው፣ መቀመጫው ግን የእሷ ነው አልኩት። አሥር ቀን ተኳረፍን። ድንጋዩ ጓሮ ዘይቱኑ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ከሥራ ስመለስ ሄጄ እቀመጥበታለሁ። ቅዝቃዜው በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል። እማዬ የተቀመጠችበት ቦታ ለእኔ ትንሽ ይሰፋኛል።

አባዬ ውሰጂኝ አላለም። «የሰቃ መንገድ አሁን አስፋልት ሆኗል ይባላል» አለ አንድ ቀን፣ ለግድግዳው። በማግስቱ «ቡናው ሳያብብ አልቀረም» አለ። እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ። በአሥረኛው ቀን ከሥራ ስመጣ ድንጋዩን ጆንያ ውስጥ ከቶ፣ አፉን በገመድ አስሮ፣ ወደ ግቢው በር ሲጎትት አገኘሁት። ከዘይቱኑ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። ላብ አጥምቆታል። መምጣቴን አላየም፤ አረፍ ይላል፣ ገመዱን ይጨብጣል፣ ደግሞ ይጎትታል። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እንዲያ እያለ ሰቃ ሊደርስ ነው። «ተወው፣ ቅዳሜ እንሄዳለን» አልኩት። ተቆጥቼ ነው ያልኩት፤ ገና አልበረደልኝም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ በኮንትራት ይዘን ወጣን። ሾፌሩ የአሰንዳቦ ሰው ነው፤ ጠና ያለ፣ ትከሻው የሰፋ፣ የማያውቀው መንገድ እንደሌለ የሚናገር። ድንጋዩን እግራችን ሥር አስቀመጥነው። ባጃጁ በእያንዳንዷ ዳገት ያቃስታል። ከሳምንት በፊት የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ ነበርና ከከተማው ስንወጣ ሜዳው በጭጋግ ተሞልቷል፤ ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። ከብቶቹ አይታዩም፤ ደወላቸው ብቻ ይሰማል። አባዬ በጎን በኩል ፊቱን አውጥቶ ነፋሱን እየተቀበለ ነው የሄደው። ብዙም አያይም፤ ግን በየመታጠፊያው «እዚህ ጋ ወንዝ ነበር»፣ «እዚህ ጋ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር» ይላል፤ ወንዙም ዋንዛውም አሉ።

ከሰቃ አልፈን ከአስፋልቱ ስንወርድ ጠፋን። ሾፌሩ አውቀዋለሁ ብሏልና አይጠይቅም፤ አባዬ መቼም አይጠይቅም። አንዱን መስጊድ ሁለት ጊዜ በቀኛችን፣ አንድ ጊዜ በግራችን አለፍነው። ከመስጊዱ ፊት ለፊት በረንዳዋ ላይ ቡና የምታሰጣ ሴት በሦስተኛው ጊዜ እጇን አንሥታ ሰላም አለችን። በቃኝ አልኩና ወረድኩ። ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ቢሆንም «የመነኮሳቱ ቅጥር ኤሳ?» ስላት ገባት፤ በአገጯ ወደ ጫካው አሳየችኝ። መንገዱ እዚያ ያበቃል፣ ቀሪው የእግር ነው አለችኝ። ስመለስ አባዬ ከእኛ ጋር እንዳልሆነ ሰው በሌላ በኩል ፊቱን አዙሮ ነበር።

ጆንያውን በአንድ ወፍራም እንጨት ላይ አንጠልጥለን እኔ ከፊት፣ ሾፌሩ ከኋላ ሆነን ተሸከምነው። አባዬ የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ከጎኔ ይሄዳል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከመዝገበ ቃላት የከበደ ነገር ተሸክሜ አላውቅም። ሾፌሩ መጀመሪያ ላይ ያወራ ነበር፤ ስለ ባጃጁ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ አሰንዳቦ። ጫካው ውስጥ ስንገባ ንግግሩ እየቀነሰ ሄደና ተወ። ማንም ዝም በል ያለው የለም።

ሽታው ነው ቀድሞ የመጣው። ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ ነጭ ነገር ታየኝ፤ ጭጋጉ ራሱ መስሎኝ ነበር፤ ቡናው ነው። እንዲህ ያለ ቡና ከዚያ በፊት አላየሁም። ገበሬ የሚገርዘው ቡና ቁመቱ የታወቀ ነው፤ ይህ ግን ማንም ሳይነካው በዛፎቹ መሐል ወደ ላይ ተስቦ፣ ከላይ ጎብጦ፣ ቅርንጫፉ ሁሉ አበባ ለብሷል። ንብ ይሰማል፣ አይታይም። ከላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠው ቁልቁል ያዩናል፣ አይሸሹም። አንዳንዱ አበባ ሳንነካው ይረግፋል። ትከሻዬን እያመመኝ፣ በአባቴ ላይ እየተናደድኩ፣ እዚያው ደግሞ መንገዱ ባያልቅ ብዬ እየተመኘሁ ነበር የምሄደው።

ግንቡ ድንገት ነው የመጣው። እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ የድንጋይ ሽበት አልብሶት አረንጓዴ ሆኗል፤ ሥር ይዞታል። አንድ በር አለ፤ ጉበኑ ወድቆ ሁለቱ መቃኖች ብቻ ቆመዋል፤ በመሐላቸው ጭጋግ ይገባል፣ ይወጣል። ከውስጥ ክብ ሆኖ የተደረደረ የመሠረት ድንጋይ አለ፣ መቅደሱ ይሆናል። ሣሩ ላይ የረገፈው አበባ ማንም አልረገጠውም። ጆንያውን አወረድን። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። እዚያ ቆሜ ስንት ሰው እዚህ ቆሞ ጸልዮ እንደ ነበር ማሰብ ፈልጌ ነበር፤ ያሰብኩት ግን እማዬ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር የሚለውን ነው።

አባዬ ነጠላዬን ለቆ ሁለቱንም እጁን ግንቡ ላይ አደረገ። እየዳበሰ ሄደ። አንድም ቀን ሲሠራ አይቼው የማላውቅ ይመስል አፌን ከፍቼ አየሁት፤ ወገቡ ቀና፣ ጣቶቹ ፈጠኑ። ጭቃ የለውም አለኝ፤ ድንጋይ በድንጋይ ነው የተያዘው። «ይህን የገነባው ሰው ቸኩሎ አያውቅም» አለ፤ ይህ በእሱ አፍ ትልቅ ምስጋና ነው። ከቀኙ መቃን አራት ድንጋይ ቆጠረና ዝቅ አለ። እጁን ከታች ሰደደ። ቆየ። ደግሞ ከሌላ በኩል ሞከረ።

ድንጋዩን የነቀለበት ቦታ የለም። አንድ ሾላ ሥሩን ሰድዶ ሞልቶታል፤ የእኔን ጭን የሚያህል ሥር፣ ግራና ቀኙን ድንጋይ ይዞ የተጣበቀ። ግንቡን አሁን ያቆመው እሱ ነው። አባዬ ተንበርክኮ ሥሩን እንደ ያዘ ቀረ። «ሞልቷል» አለ። ፊቱን ሳይ ቁጣዬ ወዴት እንደ ሄደ አላውቅም። አርባ ስድስት ዓመት የተሸከመውን ነገር ሊያወርድ መጥቶ የሚያወርድበት አጣ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሐል አንዲት ሴት በበሩ ገቡ። ስድሳውን ያለፉ ናቸው፤ ሻሻቸው ነጭ፣ እጃቸው ላይ ረጅም በትር። «ኮታ፣ እንኳን መጣችሁ» አሉና እጃችንን እየያዙ ሰላም አሉን። ጠባቂዋ መሆናቸው ገባኝ። ምን ልትወስዱ ፈለጋችሁ ብለው ጠየቁ፣ የለመዱትን። ልንመልስ ነው የመጣነው ስላቸው የሚመልስ ሰው አይቼ አላውቅም አሉ። አባዬ እንደ ተንበረከከ፣ ፊቱን ወደ ድምፃቸው አዙሮ፣ ከዚህ በር ድንጋይ ሰርቄ ነበር አላቸው። ሰርቄ ነው ያለው፤ ወስጄ አላለም።

ሴትዮዋ ወደ ጆንያው ሄደው አፉን ከፈቱ። መስቀሉን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ።

«ይቺ ናት፣ በጀርባ የነበረችው?» አሉ።

አልገባኝም። አባዬም አልገባውም። ወድቆ በነበረው ጉበን ላይ ተቀመጡና አማርኛና ኦሮምኛ እያፈራረቁ ነገሩን። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበሩ፤ ጠባቂዋ የባላቸው እናት ነበሩ። አንድ ረፋድ ላይ ጨቅላ ያዘለች ወጣት ሴት፣ ቅቤ በቅል ይዛ፣ አንድ ቃል ኦሮምኛ ሳትችል ደጃቸው መጣች። አማርኛ የሚሰሙት እሳቸው ነበሩና አስተረጎሙላት። ባሌ ስለ ለመናችሁ ድንጋይ ላመሰግን ነው የመጣሁት አለች። አማታቸው ግራ ገባቸው። ድንጋይ የለመነን ሰው የለም አሏት። እማዬ ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እኔን ከጀርባዋ አውርዳ በእኚሁ ሴት ጭን ላይ አስቀመጠችኝና አማታቸው ፊት ተንበረከከች።

«ባሌ መጠየቅ አያውቅበትም» አለች፣ «እኔ ልጠይቅለት።»

አማታቸው እንደ ደንቡ ለምን ይሆንሻል አሏት። ሀገሬ እንዲመስለኝ አለች። ሰጧት። ቅቤውን ተቀበሉና ከላዩ ቆንጥረው እኔን አናቴ ላይ ቀቡኝ። ስትሄድ አንድ ነገር ለመነቻቸው፤ ራሱ የመጣ ቀን ንገሩት፣ ካልመጣ ግን ተዉት አለች። አማታቸው ሲሞቱ አደራውን ለእኚህ ሴት ነገሯቸው። «አላህ ይዘንላት» አሉ፣ መሞቷን ሳንነግራቸው፤ ከአባዬ ፊት አንብበውት ይሆናል።

ጭጋጉ መሳሳት ጀምሮ ነበር፤ ቡናው ላይ ትንሽ ብርሃን አረፈበት። እፎይ ማለት ሲገባኝ በእማዬ ላይ ተናደድኩ። ታውቅ ነበር። በየማታው ምስር ስትለቅም፣ ለጎረቤት ባሌ ለምኖልኝ ስትል፣ እሱ በአጠገቧ ሲያልፍ፣ ሁሉንም ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ራሱ ይነግረኛል ብላ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። በመጨረሻም እጁን ይዛ በሩን ከፈተችለት፤ እሱ አልገባም። ይህን ሳስብ አለቀስኩ። በማን ላይ እንደማለቅስ አላውቅም፤ ሁለቱም አሳዘኑኝ።

«ታውቅ ነበር» አለ አባዬ።

ሴትዮዋ «ኤዬ» አሉ በቀስታ፣ አዎ ማለታቸው ነው። ከዚያ ተነሥተው ቦታውን እንደ ሆነ ሾላው ወስዶታል፣ ድንጋዩም ከዚያን ቀን ጀምሮ የተሰጠ ነውና የእናንተ ነው፣ ይዛችሁ ሂዱ አሉ። ሾፌሩ እንጨቱን አነሣ። እኔም ተነሣሁ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም፤ ድንጋዩን ይዤ ልገባ ነው።

አባዬ ግን አልተነሣም። «የተሰጠው ለእሷ ነው» አለ። «ለእኔ አልተሰጠኝም።»

ግንቡን ይዞ ቆመ። ጉልበቱ ላይ የተጣበቀውን አበባ አላራገፈም። «እህቴ» አላቸው፣ «ደጅዎ የት ነው?»

ቤታቸው ከቅጥሩ ውጭ ጥቂት እርምጃ ላይ ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ፊት ለፊቱ የተደለደለ ደጅ። ሴትዮዋ ገቡና በራቸው ላይ ቆሙ። አባዬን ክንዱን ይዤ አደረስኩት፤ እዚያ ሲደርስ ልቀቂኝ አለኝ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። ለብቻው ቆመ። ልናገርለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁ።

«ድንጋይ ልለምን ነው የመጣሁት» አለ።

ሴትዮዋ አልሳቁም። ያን ቀን ገና እንዳዩት አድርገው አዩትና «ለምን ይሆንዎታል?» አሉት።

የአባዬ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ አይወጣም። ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። ሴትዮዋ በሩን ተደግፈው ጠበቁት፤ አላስቸኮሉትም።

«ባለቤቴ ትቀመጥበት ነበር» አለ በመጨረሻ። «ናፈቀችኝ።»

«ፉደዳ» አሉት፣ ይውሰዱት ማለታቸው ነው። ሾፌሩና እኔ ጆንያውን ልናነሣ ወደ ቅጥሩ ተመለስን። አባዬ አልተከተለንም፤ የማያውቀው ሰው ደጅ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ሳይሸፍን፣ ያለቅስ ነበር።